ሬክባክ፦ ከመቶኛው በፊት የሚጠየቀው

በኦንላይን ፖከር በሬክባክ፣ ማለትም ተጫዋቹ ለሳይቱ ከከፈለው ተቀንሶ በሚመለስለት ገንዘብ፣ የተነሳ የሚፈጠር ጠብ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ወሩ ሲያልቅ ነው። የሚጀምረው ግን አካውንቱ በተከፈተበት ቀን ነው። እኔም ከእንዲህ ያለው ጣጣ የወጣሁት በብዙ ድካም ነው። ለሌላው የሚጠቅመው ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚሸራረፍና ያንን አስቀድሞ እንዴት መያዝ እንደሚቻል ማወቁ ስለሆነ፣ ከምዝገባው ጀምሬ እስከ መውጫው ድረስ ይህንኑ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ሬክ ማለት ሳይቱ ጠረጴዛው ላይ ከተሰበሰበው የመወራረጃ ገንዘብ (ፖት) የሚቆርጠው ድርሻ ነው። በካሽ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን የማያልፈው ጣሪያ አለው፤ ብዙ ሳይቶች ፍሎፕ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርዶች፣ ካልወጣ ምንም አይቆርጡም። በቶርናመንት ደግሞ መግቢያው ላይ ተለይቶ ይጻፋል። 10 ሲደመር 1 ዶላር ከተባለ አሥሩ ለሽልማት፣ አንዱ ለሳይቱ ነው። አፊሊየት የሚባለው ተጫዋች ወደ ሳይቱ የሚያመጣው ደላላ ነው። ሳይቱ ለዚህ ሥራው ከሁለት በአንዱ መንገድ ይከፍለዋል፦ ወይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ወይ ያመጣው ሰው እስከተጫወተ ድረስ ከሚከፍለው ሬክ በየወሩ ድርሻ ይሰጠዋል። ሬክባክ ከዚህ ከሁለተኛው ድርሻ ላይ ለእናንተ የሚመለሰው ነው። ሳይቱ ለአፊሊየቱ 35 በመቶ ቢሰጥና እሱ ለእናንተ 30 ቢመልስ፣ 5ቱ የእሱ ገቢ ነው።

ይህን ማወቅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይሰጣችኋል። አፊሊየቱን “ሳይቱ የሚከፍልህ በየትኛው መንገድ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለው ሆኖ ለእናንተ በየወሩ ሬክባክ እሰጣለሁ ካለ፣ ከሁለተኛው ወር በኋላ የሚከፍለው ከኪሱ አውጥቶ ነው። ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይቱ ሬክባክ ይፈቅዳል ወይ የሚለው ነው። ሁሉም አይፈቅዱም። ፖከርስታርስ የተባለው ሳይት ተመላሹን ብዙ ለሚጫወቱ ባወጣቸው የራሱ የቪአይፒ ደረጃዎች በኩል ይሰጥ ነበር እንጂ በአፊሊየት የሚከፈል ሬክባክን አይቀበልም ነበር። ሌላው ሳይት ፉል ቲልት በበኩሉ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ አውጥቶ 27 በመቶ ብሎ ነበር። በማይፈቅድ ሳይት ላይ በድብቅ የሚሰጥ ሬክባክ መቶኛው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ሳይከፈል ሲቀር አቤት የሚባልበት በር የለውም። እንዲያውም ለሳይቱ ስታመለክቱ ራሳችሁን ነው የምታጋልጡት።

ቀጥሎ ምዝገባው ነው። ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ሳይቱ የማን ሰው እንደሆናችሁ የሚያውቀው በአፊሊየቱ ሊንክ ወይም ኮድ ነው። ሊንኩን ስትነኩ ብራውዘራችሁ ላይ ኩኪ የሚባል ትንሽ መለያ ፋይል ይቀመጣል፣ ወይም የምታወርዱት የመጫኛ ፋይል ራሱ መለያውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት የሌላ አፊሊየት ማስታወቂያ ላይ ነክታችሁ ከነበረ የቀድሞው ኩኪ ሊያሸንፍ ይችላል። ፕሮግራሙን ከዚህ በፊት ጭናችሁ ከነበረም የድሮው መለያ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የድሮውን ፕሮግራም ጨርሳችሁ አጥፉ፣ የብራውዘሩን ኩኪዎች ጠርጉ፣ ማስታወቂያ የሚከለክለውን መሣሪያ ለጊዜው አቁሙ፣ ከዚያ ሊንኩን ከፍታችሁ እዚያው ሳትዘጉ በዚያው ኮምፒውተር ተመዝገቡ። በስልክ ሊንኩን ነክቶ በኮምፒውተር መመዝገብ መለያውን የሚያጠፋ የተለመደ ስህተት ነው።

የቦነስ ኮድም ሌላ ወጥመድ ነው። የአፊሊየቱን ሊንክ ተከትላችሁ መጥታችሁ፣ ምዝገባው ላይ ከሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ኮድ ብታስገቡ፣ በብዙ ሳይቶች አካውንቱ የሚሄደው ወደ ኮዱ ባለቤት ነው። አንድ አካውንት አንዴ በአንድ ሰው ስር ከገባ በኋላ ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። “ሁለተኛ አካውንት ልክፈትና ልገላገል” ማለት ደግሞ የባሰውን ያመጣል፤ በአንድ ሳይት ሁለት አካውንት መያዝ ገንዘብ የሚያስወርስ ጥፋት ነው። አንዳንድ ሳይቶች ስማቸው ቢለያይም አንድ ኔትወርክ ላይ ስላሉ ጠረጴዛቸው አንድ ነው። ስለዚህ በአንዱ ስም አካውንት ካላችሁ በሌላው ስትመዘገቡ እንደ አዲስ ሰው ትቆጠሩ እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ተመዝግባችሁ ስትጨርሱ ገንዘብ አታስገቡ። መጀመሪያ ለአፊሊየቱ የተጠቃሚ ስማችሁን፣ የተመዘገባችሁበትን ኢሜይልና ቀኑን ላኩለትና በእሱ ገጽ ላይ መታየታችሁን እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ። “አዎ፣ ታይተሃል” የሚል ቃል አይበቃም። ሳይቱ የሰጣችሁን የተጫዋች መለያ ቁጥር መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ እናንተ ያላካችሁትን ቁጥር እሱ ከነገራችሁ በእውነት በገጹ ላይ ታይታችኋል ማለት ነው። መልሱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ይህ አንድ ቀን ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፤ ገንዘብ ገብቶ፣ ሬክ ተከፍሎ “የለህም” ከሚባል ግን መጠበቁ በእጅጉ ይሻላል።

አሁን ወደ መቶኛው እንምጣ። 30 በመቶ ሲባል ከምን ላይ 30 በመቶ? እያንዳንዱ ፖት ላይ የተቆረጠው ሬክ ለተጫዋቾች የሚከፋፈልበት ሦስት ዓይነት ስሌት አለ። አንድ እጅ፣ ማለትም ካርድ ታድሎ እስኪያልቅ ያለውን አንድ ዙር፣ ወስደን እንየው። ጠረጴዛው ላይ 6 ሰው ተቀምጧል። ብላይንድ ካርድ ከመታየቱ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በየተራ የግድ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ነው፤ ትልቅና ትንሽ አለው። ትልቁን ብላይንድ የከፈለው ሰው 2 ዶላር አስቀምጦ ከፍሎፕ በፊት ካርዱን ጣለ። ከሌሎቹ ሁለቱ፣ አንዱ ትንሹን ብላይንድ የያዘው ራሱ ነው፣ እያንዳንዳቸው 29 ዶላር እስከሚያወጡ ድረስ ተፎካከሩ። ፖቱ 60 ዶላር ሆነ፣ ሬኩ 5 በመቶ ቢሆን 3 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ስሌት ካርድ የደረሰው ሁሉ እኩል ይጻፍለታል፦ ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲም፣ ምንም ሳያወጣ ካርዱን ለጣለውም ጭምር። በሁለተኛው ስሌት ገንዘብ ያስቀመጡት ብቻ እኩል ይካፈላሉ፤ ሦስቱ አንድ አንድ ዶላር ይጻፍላቸዋል። በሦስተኛው ሁሉም ባወጣው ልክ ነው፦ ሁለቱ ተፎካካሪዎች 1.45፣ ባለ ትልቁ ብላይንድ ደግሞ 10 ሳንቲም።

ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጥቂት እጅ ብቻ መርጦ የሚጫወት ጥንቁቅ ተጫዋች በመጀመሪያው ስሌት ብዙ ያገኛል፣ በሦስተኛው ግን ሌሎች ከከፈሉት ሬክ በእሱ ስም ይጻፍ የነበረው ሁሉ ይቀርበታል። ብዙ እጅ የሚገባ ተጫዋች ተቃራኒው ነው የሚደርስበት። ፖከርስታርስ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ከመጀመሪያው ስሌት ወደ ሦስተኛው ሲያዞር በአንድ ጊዜ ብዙ ጠረጴዛ የሚከፍቱ ጥንቁቅ ተጫዋቾች ተቃውሞ ያነሱት ለዚህ ነበር፤ የተቆረጠው ሬክ ሳይጨምር በስማቸው የሚጻፈው ቀነሰ። ስለዚህ ሁለት ሳይቶችን ስታወዳድሩ መቶኛቸውን ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከንቱ ነው። በአንዱ 25 በመቶ ከሌላው 35 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ሳይቶች ተጫዋቹ አሸናፊ ወይም ተሸናፊ መሆኑን እያዩ፣ የሚያሸንፈው የከፈለውን ሬክ ዝቅ አድርገው ለተመላሹ ይቆጥራሉ። ይህን ከሳይቱ ደንብ ውስጥ አግኝታችሁ አንብቡ፤ ደንቡ ላይ ካላገኛችሁት የደንበኞች አገልግሎቱን ጠይቃችሁ መልሱን አስቀምጡ።

ቀጥሎ ተቀናሹ ይመጣል። ሰው የሚያዝነው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ወር መግለጫ ሲደርሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ መግለጫ መስመር በመስመር እንየው። በስማችሁ የተጻፈው ጠቅላላ ሬክ 1,240 ዶላር ነው እንበል። ከሥሩ የተቀበላችሁት ቦነስ 200 ይቀነሳል። በመጫወታችሁ ያገኛችሁትን ነጥብ ወደ ገንዘብ ለውጣችሁ የወሰዳችሁት 90 ይቀነሳል። ገንዘብ ስታስገቡ ሳይቱ ክፍያውን ለሚያስተላልፈው ድርጅት የከፈለው 30 ይቀነሳል። የቀረው 920 ነው። 30 በመቶው የሚሰላው ከዚህ ላይ ስለሆነ እጃችሁ የሚገባው 276 ዶላር ነው። ከጠቅላላው ቢሰላ 372 ይሆን ነበር። በጠቅላላው ሬክ ላይ ሲታይ 30 የተባለው 22 በመቶ ገደማ ሆኗል ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ላይ 25 በመቶ የሚሰጥ ሌላ ሳይት 310 ይሰጣችሁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ቦነሱንና ነጥቡን እናንተው ስለወሰዳችሁት ያ መቀነሱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ማወቅ ያለባችሁ የቦነሱን ትክክለኛ ዋጋ ነው፦ 30 በመቶ ሬክባክ ላለው ሰው 200 ዶላር ቦነስ 60 ዶላር ሬክባክ ስለሚያስቀርበት የሚጠቅመው 140 ብቻ ነው። አሁንም ጥቅም ነው፤ ውሰዱት። መጥፎ የሚሆነው ተቀናሹ ከሬኩ ሲበልጥ ነው። ትንሽ በተጫወታችሁበት ወር ትልቅ ቦነስ ከተለቀቀላችሁ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርድና በአንዳንድ ስምምነቶች ዕዳው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። “ከዜሮ በታች የወረደው ይሻገራል ወይስ ወሩ ሲያልቅ ይሰረዛል?” ብላችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ቦነሱ የሚቀነሰው በተሰጠበት ቀን ነው ወይስ ተጫውታችሁ ባስለቀቃችሁት መጠን የሚለውንም ጨምሩበት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለፍተሻ አውሉት። እንደ ፖከርትራከር ወይም ሆልደም ማኔጀር ያለ ፕሮግራም የተጫወታችሁትን እጅ ሁሉ መዝግቦ ሬካችሁን ያሰላል። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን ስሌት ከሳይቱ ስሌት ጋር አንድ አድርጉት፤ ይህ ካልሆነ ያልተሰረቀ ገንዘብ የተሰረቀ ይመስላችኋል። ከዚያ አፊሊየቱ የሚያሳያችሁን ቁጥር ከዚያው ቀን ጋር አስተያዩ። ጥቂት በመቶ ልዩነት የተለመደ ነው። ቀኑ የሚዘጋበት ሰዓት የእናንተ ላይሆን ይችላል፣ የቶርናመንት ክፍያም በተመዘገባችሁበት ሳይሆን ቶርናመንቱ ባለቀበት ቀን ሊጻፍ ይችላል። ልዩነቱ በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ ከሄደና ከሰፋ ግን ዝም አትበሉ። ያኔ ያልተነሳ ጥያቄ ከሦስት ወር በኋላ ሲነሳ የሚያስረዳው ሰው አይገኝም።

የከፋይ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። ሬክባኩ በቀጥታ ከሳይቱ ወደ አካውንታችሁ የሚገባ ከሆነ አፊሊየቱ ገንዘቡን አይነካውም። የሚጠየቀው የስሌቱ ትክክለኛነት ብቻ ይሆናል። አፊሊየቱ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ግን ያበደራችሁት እናንተ ናችሁ። ወሩ ከተዘጋ በኋላ ሳይቱ ለእሱ እስኪከፍለው፣ እሱም ለእናንተ እስኪልክ ድረስ ያለው ሁሉ ብድር ነው። በእንዲህ ያለው ስምምነት ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ የክፍያው ቀን የታወቀ ይሁን፣ ያልተከፈለውም ቢጠፋ ከማይጎዳችሁ መጠን አይለፍ። አንድ ጊዜ በምክንያት የዘገየ ክፍያ ሊያጋጥም ይችላል። የዘገየው ሳይከፈል “በዚህ ወር ብዙ ከተጫወትክ አንድ ላይ ጨምሬ እልክልሃለሁ” ከተባላችሁ ግን በዚያ አካውንት መጫወቱን እዚያው አቁሙ። ያለፈውን ለማግኘት ተብሎ የሚከፈል አዲስ ሬክ ዕዳውን ከማብዛት በቀር ምንም አያመጣም።

ተጫዋቾች በግል ክለብ በሚሰባሰቡባቸው የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ያለው አደጋ ከዚህም ይብሳል። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቺፕ በመተግበሪያው ዘንድ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የሚቀበለው፣ ቺፕ የሚሸጠው፣ መልሶ የሚገዛውና ሬክባኩን የሚያሰላው አንድ ኤጀንት ነው። ሬክባኩ ብቻ ሳይሆን ዋናው ገንዘባችሁም በእሱ እጅ ነው፤ ኤጀንቱ ቢጠፋ መተግበሪያው “እኔ የጨዋታ ቺፕ ነው ያቀረብኩት” ይላል። 50 እና 60 በመቶ የሚል ቃል የሚበዛው እዚህ ነው። ይህን መንገድ ለማንም አልመክርም። የሚገባበት ካለ ግን ቢያንስ በየሳምንቱ ሁሉንም ቺፕ ወደ ገንዘብ ለውጦ ያውጣ።

ሳይቱ በቀጥታ መክፈሉም ሁሉን አይዘጋም። ኤፕሪል 15 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በፖከርስታርስ፣ በፉል ቲልትና በአብሶሉት ፖከር ሰዎች ላይ ክስ ሲያወጣ፣ ፉል ቲልት ላይ የነበረው ሰው ሬክባኩ በሥርዓቱ ይገባለት ነበር። ችግሩ አካውንቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ባንክ ውስጥ አለመኖሩ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ በኋላ እንደገለጸው ኩባንያው በመላው ዓለም ላሉ ተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲኖርበት ባንክ ውስጥ የነበረው 60 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ለፉል ቲልት ፈቃድ የሰጠው የኦልደርኒ ደሴት የቁማር ተቆጣጣሪ ፈቃዱን በሴፕቴምበር 2011 ሰረዘው። ፖከርስታርስ በ2012 ኩባንያውን በስምምነት ከወሰደው በኋላ ገንዘቡ ቢመለስም፣ የአሜሪካ ተጫዋቾች ክፍያ ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው። ስለዚህ የተጫዋቾችን ገንዘብ ከሥራ ማስኬጃው ለይቶ የመያዝ ግዴታ የሚጥል ፈቃድ ያለውን ሳይት ምረጡ፤ ሬክባኩ በገባ ቁጥርም ለጨዋታ ከሚያስፈልጋችሁ የተረፈውን አውጡ።

ሬክባክ ያለበትን ቦታም በልኩ ማየት ያስፈልጋል። በ100 እጅ 2 ትልቅ ብላይንድ የሚሸነፍና በዚያው 100 እጅ 8 ብላይንድ ሬክ የሚከፍል ሰው፣ 30 በመቶ ሲመለስለት 2.4 ያገኛል፣ ከኪሳራ ወደ ጥቂት ትርፍ ይሻገራል። 6 የሚሸነፈው ግን አሁንም 3.6 ይከስራል። ብዙ በተጫወተ ቁጥርም የሚያጣው ይበዛል። የቪአይፒ ደረጃ ለመሙላት ወይም የአፊሊየት የሬክ ውድድር (ብዙ ሬክ የከፈለ የሚሸለምበት) ለማሸነፍ ጠረጴዛ መጨመር ጨዋታውን ያበላሻል። አንድ ሰው ሽልማት ፍለጋ ከለመደው በላይ ጠረጴዛ ከፍቶ በ100 እጅ አንድ ብላይንድ ብቻ ቢደክም፣ ያ በ8 ብላይንድ ሬክ ላይ ከ12 በመቶ በላይ ሬክባክ በልቶበታል። ደረጃው ራሱም ዋስትና የለውም። ፖከርስታርስ ላይ ከፍተኛው የቪአይፒ ደረጃ የነበረውን ሱፐርኖቫ ኤሊት ለማግኘት በዓመት 1,000,000 ነጥብ ይጠይቅ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ያንን ሞልተው የሚቀጥለውን ዓመት ጥቅም የሚጠብቁ ሰዎች፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጥቅሙ እንደተቀነሰ ተነገራቸው። ገና ያልተሰጣችሁን ሽልማት በትርፋችሁ ውስጥ አትቁጠሩ።

ክርክር ከተነሳ ስድብ አይጠቅምም፣ ሰነድ ነው የሚጠቅመው። በአንድ አጭር መልእክት የተጫዋች መለያ ቁጥራችሁን፣ ወሩን፣ ፕሮግራማችሁ ያሰላውን ሬክ፣ የስሌቱን ዓይነት፣ የተከፈላችሁን መጠንና የሚቀረውን ጻፉ፤ የምዝገባውን ማረጋገጫ አያይዙ፤ መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ጥቀሱ። መልስ ከሌለ ያንኑ ደብዳቤ ለሳይቱ የአፊሊየት ክፍል ላኩ። ሳይቱ ለአፊሊየቱ ገና ያልከፈለው ገንዘብ ካለ ሊይዝበት ስለሚችል፣ ማመልከቻው የሚሠራው ወሩ ሳይከፈል በፊት ቶሎ ሲደርስ ነው። የሬክባክ ስምምነታችሁ በቻት የተደረገ ከሆነ ቻቱን ዛሬውኑ አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ብዙዎቹ መልእክቶች በላኪው በኩል ሊጠፉ ይችላሉ።

መውጫውንም ልጨምር። ስታቆሙ መጀመሪያ ቀሪውን ገንዘብ አውጡ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ወር መግለጫ ጠይቁ፤ አንዳንድ ስምምነቶች ክፍያ የሚልኩት ያልተከፈለው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የቀረው እንዲላክ በግልጽ መጠየቅ አለበት። የምታቆሙት ጨዋታው ከእጃችሁ ስለወጣ ከሆነ ደግሞ ራስን የማገድ ጥያቄ ለሳይቱ ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። አፊሊየቱ ገቢ የሚያገኘው እናንተ ስትጫወቱ ነው፤ አድራሻችሁም በእሱ መዝገብ ላይ ስላለ ከሌላ ሳይት የተሻለ መቶኛ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለእሱም ለብቻ ጻፉለት፦ ከኢሜይሉና ከቻት ዝርዝሩ እንዲያወጣችሁ፣ በማንኛውም ሳይት ስም ምንም ግብዣ እንዳይልክላችሁ። ከዚያ ቁጥሩን አግዱ፣ በአገራችሁ ሁሉንም ፈቃድ ያላቸው ሳይቶች በአንድ ጊዜ የሚዘጋ የእገዳ መዝገብ ካለም በዚያው ቀን ተመዝገቡ።